ውክልና ያልጻፍንለት ወኪል

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ነገሬን ከመዝገብ ቤት ልጀምር፡፡ የሕግ ትምህርቴን ጨርሼ መጀመርያ በተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው አንድ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ፡፡ ፋይል ፈልጎ ወደ እሳቸው የሄደ ሰው በቀላሉ አይመለስም፡፡ የመዝገብ ቁጥሩን ይጠይቃሉ፣ ለምን ጉዳይ እንደተፈለገ ይጠይቃሉ፣ ከዚያም ካርድ አውጥተው ስምና ቀን አስጽፈው ያስፈርማሉ፡፡ ጉዳዩ የጠያቂውን ክፍል የማይመለከት ከመሰላቸው ደግሞ «አለቃህ በማስታወሻ ይጻፍልህና ና» ብለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ይሰቅላሉ፡፡ እኛ ወጣቶቹ፣ ቢሮክራሲ ማለት እኚህ ሰው ናቸው እያልን ስንቴ አምተናቸዋል!

ከሠላሳ ዓመት ግድም በኋላ ሐሜቴን እንድመልስ ያስገደደኝ ነገር ገጠመኝ፡፡ መካከለኛ የሚባል የንግድ ድርጅት የሚያስተዳድር አንድ የቆየ ወዳጄ በቅርቡ «ና አንድ ጉድ ላሳይህ» ብሎ ቢሮው ጠራኝ፡፡ (ባለጉዳዮቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ፡፡) የድርጅቱ የብዙ ዓመት ሰነድ፣ ማለትም ውሉ፣ ደብዳቤው፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ፣ የሠራተኛው ማኅደር ሁሉ፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ በሚገኝ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል፡፡ የኮምፒዩተር ክፍሉ ወጣት ባለሙያ ይህንን ሰርቨር የሰው ሠራሽ አስተውሎት «ወኪል» ከሚባለው ፕሮግራም ጋር አገናኝቶታል፡፡ ወዳጄ እንደ ሰው አናገረው፡፡ «የመጋዘን ኪራይ ውሎቻችንን ሁሉ ፈልግና የሚያልቁበትን ቀን ንገረኝ» ብሎ ጻፈለት፡፡

አንድ ደቂቃ አልሞላም፡፡ አራት ውሎች ከነማብቂያ ቀናቸው፣ ከነአከራዩ ስም ተዘርዝረው መጡ፡፡ በሰው ቢሆን ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፡፡ ወዳጄ እንደ አዲስ ሙሽራ ፈገግ አለ፡፡ ከአራቱ ሥር ግን «ተያያዥ ሊሆን የሚችል ሰነድ» የሚል አምስተኛ ነገር ነበር፡፡ አንዲት የድርጅቱ ሠራተኛ ከዓመታት በፊት ለቀድሞው ሥራ አስኪያጅ የጻፈችው ማመልከቻ ነው፡፡ በሕመም ምክንያት ብዙ ወጪ ስለወጣባት የቤት ኪራይ መክፈል እንዳቃታት ገልጻ የደመወዝ ብድር ትጠይቃለች፡፡ የሕመሙም ዓይነት ተጽፏል፡፡ ማሽኑ ይህንን ያመጣው «ኪራይ» የሚለውን ቃል ስላገኘበት ነው፡፡ ከወዳጄ ወንበር ኋላ የሒሳብ ሹሙ ቆሞ ነበር፡፡ ሦስታችንም አነበብነው፡፡ የማመልከቻው ባለቤት በዚያች ሰዓት በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጣ ሥራዋን ትሠራ ነበር፡፡

ያን ጊዜ ነው ጋሼ ትዝ ያሉኝ፡፡ ያ ማመልከቻ በእሳቸው ዘመን በግል ማኅደር ውስጥ ይታሸጋል እንጂ ከመጋዘን ውል ጋር አይገናኝም ነበር፡፡ ለመሆኑ ጋሼን ያባረርነው ምን ልንተካበት ነው?

መሣሪያው ምንድን ነው?

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአገራችን የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ወይ ተአምር ነው ወይ የዓለም ፍጻሜ፡፡ ይኼኛው ግን በጣም ተራ ከሆኑ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው፡፡ አንደኛው በፋይሎች ውስጥ አንድን ቃል ፈልጎ ቃሉ ያለበትን መስመር የሚያወጣ «ግሬፕ» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን፣ ኬን ቶምሰን በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመርያ የጻፈው ነው፡፡ ሁለተኛው ከሩቅ ሆኖ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር በምስጢር ቁልፍ ለመግባት የሚያስችለው «ኤስኤስኤች» ነው፡፡ ይህንን ደግሞ ታቱ ኡሎነን የተባለ ፊንላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ በዩኒቨርሲቲው መረብ ላይ የይለፍ ቃላት መሰረቃቸውን አይቶ ነው የሠራው፡፡ አዲሱ ነገር ሦስተኛው ነው፡፡ አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የቋንቋ ሞዴሎችን ከውጭ መሣሪያዎችና ከመረጃ ቋቶች ጋር የሚያገናኝ «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» የሚባል የጋራ ደንብ ለሁሉም ክፍት አድርጎ አወጣ፡፡ በተከታዩ ዓመት ተፎካካሪዎቹ ኦፕንኤአይና ጉግልም ተቀበሉት፡፡

ሦስቱ ሲጋጠሙ ሥራው እንዲህ ይሆናል፡፡ ጥያቄው ለሞዴሉ ይደርሰዋል፤ ሞዴሉ የትኛውን ቃል ልፈልግ ብሎ ይመርጣል፤ መሣሪያው ቃሉን ይዞ ሩቅ ወዳለው ሰርቨር ይገባል፤ የተገኙትን መስመሮች ይዞ ይመለሳል፤ ሞዴሉ አይቶ ካልረካ ሌላ ቃል ይሞክራል፡፡ ሰው ሳያዘው አሥርና ሃያ ጊዜ ሊመላለስ ይችላል፡፡ «ወኪል» ያሰኘውም ይኸው በራሱ የመመላለስ ነገር ነው፡፡

ለፍትሐዊነት ሲባል አንድ ነገር መናገር አለብኝ፡፡ ይህ አሠራር ከአማራጩ ይሻላል፡፡ አማራጩ የድርጅቱን ሰነድ በሙሉ ገልብጦ ለአንድ የውጭ ኩባንያ ማስረከብ ነውና፡፡ እዚህ ግን ፋይሉ ካለበት አይነቃነቅም፤ የሚወጣው የተፈለገው መስመር ብቻ ነው፡፡ የወዳጄ ባለሙያም በዚሁ ነበር የሚከራከረኝ፡፡ «ፋይሉኮ አዲስ አበባ ነው ያለው» ይለኛል፡፡

አባባሉ እውነትነት አለው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም፡፡ መስመሩን አንብቦ መልስ የሚያዘጋጀው ሞዴል አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ባሕር ማዶ በሚገኝ የኮምፒዩተር ማዕከል ነው፡፡ ስለዚህ የሠራተኛዋ ማመልከቻ ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ይዘቱ ግን ድንበር ተሻግሯል፡፡ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ወደ ውጭ አገር የሚተላለፈው ቅድመ ሁኔታዎች ተሟልተው መሆኑን ይደነግጋል፤ የጤና መረጃንም ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል፡፡ አንድ ቃል ፍለጋ «ማስተላለፍ» ነው ወይስ አይደለም? በእኔ እምነት ነው፡፡ ሕጉ የሚጠብቀው ወረቀቱን ወይም ፋይሉን ሳይሆን በውስጡ ያለውን መረጃ ነውና፡፡ ደብዳቤን ሳይነኩ በስልክ አንብቦ ለሌላ ሰው ማሰማት ምስጢር ማውጣት እንደሆነ ሁሉ ይህም እንዲሁ ነው፡፡

ጠቅላላ ውክልና ወይስ ልዩ ውክልና?

የሕግ ሰው ነኝና «ወኪል» የሚለው ቃል ሲነሳ ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሄዴ አይቀርም፡፡ የ1952ቱ ሕግ ከቁጥር 2199 ጀምሮ ስለ ውክልና ይደነግጋል፡፡ የኛ ከተማ ሰው ውክልናን ከማንም በላይ ያውቀዋል፡፡ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ቤት ሲገዛ፣ መኪና ሲሸጥ፣ ፍርድ ቤት ሲከራከር ሁሉ በውክልና ነው፡፡ «ጠቅላላ ውክልና አለኝ» ብሎ ቤት ለመሸጥ ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰም ጥቂት አይደለም፡፡ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው የሚያስፈጽመው፡፡ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለማድረግ፣ ክስ ለመመሥረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል ቁጥር 2205፡፡ ሕግ አውጪው ይህንን ያደረገው ሰው ወኪሉን ሲሾም በልቡ ያላሰበው ነገር በስሙ እንዳይፈጸም ነው፡፡

አሁን ወደ ወዳጄ ሰርቨር እንመለስ፡፡ ማሽኑ የገባው በማን ቁልፍ ነው? ብዬ ጠየቅሁ፡፡ በኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ ቁልፍ ነው፡፡ ኃላፊው ደግሞ ጥገና ስለሚሠራ የማይከፍተው በር የለም፡፡ እንግዲህ ሒሳብ ሹሙም፣ የግዢ ሠራተኛውም፣ ነገ የሚቀጠረው ተላላኪም ማሽኑን ሲጠይቁ ማሽኑ የሚፈልግላቸው በእነሱ መብት ሳይሆን በኃላፊው መብት ነው ማለት ነው፡፡ ከጠቅላላ ውክልናም የባሰ ነው፤ ውክልናውን የጻፈ ሰው የለምና፡፡ ኖርም ሃርዲ የሚባል የኮምፒዩተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ችግር «ግራ የተጋባ ምክትል» በሚል ስም አንስቶት ነበር፡፡ ትልቅ ሥልጣን የተሰጠው አገልጋይ፣ ትንሽ ሥልጣን ያለው ሰው ሲያዘው፣ የማንን ሥልጣን እየሠራበት እንደሆነ ሳያውቅ ሲቀር የሚፈጠር ጣጣ ነው፡፡

ወንጀል ነው ወይ? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል፡፡ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሆን ብሎ፣ ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት ወይም መረጃ የገባን ሰው ይቀጣል፡፡ «ሆን ብሎ» የምትለው ቃል ናት ጭንቁ፡፡ ማሽን ሐሳብ የለውም፤ ወዳጄም የጠየቀው የመጋዘን ውል ነው እንጂ የሰው ሕመም አይደለም፡፡ በወንጀል ሕጋችን ደግሞ ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ በዚያ ቀን ወንጀል የሠራ ሰው አልነበረም፡፡ ነገር ግን ነገ አንዱ ጮሌ ሠራተኛ ሆን ብሎ «የእነ እገሌን ደመወዝ ፈልግልኝ» ቢልና ማሽኑ በትልቁ ቁልፍ ገብቶ ቢያመጣለትስ? ከተሰጠው ፈቃድ አልፏል ወይስ አላለፈም?

አሜሪካኖች በዚህ ሐረግ ላይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ደርሰውበታል፡፡ የጆርጂያ ግዛት አንድ የፖሊስ ሳጅን ገንዘብ ተቀብሎ፣ ለሥራው በተሰጠው የይለፍ ቃል የአንዲት ሴትን የመኪና ሰሌዳ መረጃ ፈለገ፡፡ ቫን ቢዩረን በሚባለው በዚህ መዝገብ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 በስድስት ለሦስት ድምፅ ከኮምፒዩተር ማጭበርበር ሕጉ አንፃር ጥፋተኛ አይደለም አለ፡፡ ምክንያቱን ሲያስረዳም ነገሩን በበር መሰለው፡፡ በሩ ለአንተ ክፍት ከሆነ ክፍት ነው፣ ዝግ ከሆነ ዝግ ነው፤ የገባህበት ክፉ ዓላማ በዚህ ሕግ አይመዘንም ነው ነገሩ፡፡ የእኛ ዳኞች በዚህ መንገድ መተርጎም አይጠበቅባቸውም፤ እኔም እንዲተረጉሙት አልመኝም፡፡ ግን አመክንዮው ለአሠሪዎች የሚነግራቸው ነገር አለ፡፡ በሩን ራስህ ገርበብ አድርገህ ትተህ ስታበቃ ሌባ ብለህ ብትጮኽ የሚሰማህ ፍርድ ቤት ላታገኝ ትችላለህ፡፡

በፍትሐ ብሔር በኩል ግን ማምለጫ ያለ አይመስለኝም፡፡ «እኔ አይደለሁም፣ ማሽኑ ነው» የሚለው መከራከሪያ ተሞክሯል፡፡ ኤር ካናዳ የተባለው አየር መንገድ በድረ ገጹ ላይ ያስቀመጠው መልስ ሰጪ ማሽን፣ ለዘመዱ ቀብር ለሚሄድ መንገደኛ ስለ ቅናሽ ትኬት የተሳሳተ ነገር ይነግረዋል፡፡ መንገደኛው ሲከስ አየር መንገዱ ማሽኑ ለራሱ ድርጊት ራሱ ኃላፊ የሆነ ያህል ተከራከረ፡፡ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት የሲቪል ጉዳዮች ዳኝነት አካል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ክርክሩን አልተቀበለውም፤ አየር መንገዱ ካሳ እንዲከፍል ወሰነ፡፡ ገንዘቡ ከአንድ ሺሕ የካናዳ ዶላር ያነሰ ነው፡፡ እንዲያም ሆኖ በየአገሩ ያሉ የሕግ ባለሙያዎች ይህንን ትንሽ መዝገብ ደጋግመው ያነሱታል፡፡

ደብዳቤው ራሱ ሲያዝ

እስካሁን የተናገርኩት ማሽኑ ቅን ሆኖ ሲሠራ ስለሚፈጠረው ጣጣ ነው፡፡ የሚያታልለው ሰው ሲኖርስ? የቋንቋ ሞዴል አንድ መሠረታዊ ድክመት አለበት፡፡ ከጌታው የመጣን ትዕዛዝና በሚያነበው ሰነድ ውስጥ የተጻፈን ትዕዛዝ አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይለይም፡፡ ጋሼ ከመዝገብ ውስጥ «ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሁሉ የካዝናውን ቁልፍ ለአምጪው ይስጥ» የሚል ወረቀት ቢያገኙ ይስቁ ነበር፡፡ ማሽኑ ግን ሊታዘዘው ይችላል፡፡

ቀልድ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ኤም ሴኩሪቲ የተባለ ድርጅት ተመራማሪዎች በማይክሮሶፍት 365 ኮፓይለት ላይ «ኢኮሊክ» ያሉትን ቀዳዳ ይፋ አደረጉ፡፡ አጥቂው የሚጠበቅበት አንድ ኢሜይል መላክ ብቻ ነው፡፡ ተቀባዩ ምንም መጫን አያስፈልገውም፤ በኋላ ለራሱ ጉዳይ ኮፓይለትን ሲጠይቅ ማሽኑ ያንን ኢሜይል አብሮ ያነበዋል፤ በውስጡ የተደበቀውን ትዕዛዝ ተከትሎም የድርጅቱን ምስጢር ወደ ውጭ ሊልክ ይችላል፡፡ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን ዘግቷል፤ የተጎዳ ደንበኛ አለመኖሩንም ገልጿል፡፡ ሳይመን ዊሊሰን የተባለው የሶፍትዌር ባለሙያ በዚያው ወር ሦስት ነገሮች በአንድ ማሽን ላይ እንዳይገናኙ አስጠንቅቆ ነበር፡፡ ምስጢር ማየት መቻል፣ ከማይታመን ሰው የመጣ ጽሑፍ ማንበብ፣ ወደ ውጭ መልዕክት መላክ መቻል፡፡ የወዳጄ ሰርቨር ላይ ሁለቱ ቀድሞውኑ አሉ፤ ከአቅራቢዎችና ከሥራ ፈላጊዎች የሚመጣው ሰነድ ሁሉ እዚያው ነው የሚከማቸው፡፡ ሦስተኛው እንዳይጨመር ነው የመከርኩት፡፡

ያልተገኘው ውል

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው፡፡ ማሽኑ አራት ውል አለ አላልኩም? አምስት ነበሩ፡፡ አምስተኛውን ያስታወሰችው ጸሐፊዋ ናት፡፡ ከሁሉ የቆየው፣ በየጊዜው እየታደሰ የመጣው፣ የማብቂያ ቀኑም ከሁሉ የሚቀርበው ውል እሱ ነበር፡፡

ለምን አልተገኘም? ውሉ የተጻፈው በድሮው ፓወር ግዕዝ ነው፡፡ የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም መሥሪያ ቤቶቻችን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በነፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የቀድሞ ሥሪቶች ሲጽፉ ኖረዋል፡፡ በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፡፡ «ኪራይ» ብሎ የሚፈልግ ማሽን ምንም አያገኝም፡፡ ስካን ተደርገው የተቀመጡትም ፎቶ ናቸው እንጂ ጽሑፍ አይደሉም፡፡

በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ከችግር አይድንም፡፡ «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም አስቡት፡፡ የመጀመርያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ተብሎ በስድስት ዓይነት ይጻፋል፤ «ሥ» በሁለት፣ «ሴ» በሁለት፤ ተያይዞ ወይም ተለያይቶ ደግሞ በሁለት፡፡ ሲባዛ 48 ይሆናል፤ «ኃ/ሥላሴ» የሚለውን አሕጽሮት ሳንቆጥር ማለት ነው፡፡ ሰው ሁሉንም አንድ ስም አድርጎ ያነባቸዋል፡፡ ቃል በቃል የሚፈልግ መሣሪያ ግን 48 የተለያዩ ሰዎች ናቸው የሚመስሉት፡፡ ለእንግሊዝኛ ተብሎ የተሠራው መሣሪያ ይህንን ካላስተማሩት አያውቀውም፡፡

የማሽኑ መልስ ግን «አራት አገኘሁ፣ ያላየኋቸው ሰነዶችም አሉ» የሚል አልነበረም፡፡ «ያሏችሁ የኪራይ ውሎች አራት ናቸው» ነው ያለው፡፡ በፍርድ ቤት ውስጥ «ፈልጌ አላገኘሁም» እና «የለም» የሚሉት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፡፡ ተከራካሪ ወገን ሰነድ የለኝም ብሎ በመሐላ ካረጋገጠ በኋላ ሰነዱ ከራሱ ሰርቨር ቢወጣ ምን እንደሚል አስቡት፡፡ የይርጋ ጊዜ የሚያቋርጥ አንድ ደብዳቤ በድሮ ፎንት ተጽፎ ቢቀርና ባለመብቱ መብቴ ቀርቷል ብሎ ቢተው ማን ይክሰዋል?

ወዳጄ የመጨረሻ ምክሬን ጠየቀኝ፡፡ ማሽኑን ጣለው አላልኩትም፤ አምስተኛውን ውል ጸሐፊዋ ባታስታውሰው ኖሮ እኛም አናገኘውም ነበርና፡፡ ለማሽኑ ልዩ ውክልና እንጻፍለት አልኩት፡፡ የራሱ የሆነ ቁልፍ ይኑረው፤ ማንበብ እንጂ መጻፍና ማጥፋት የማይችል፡፡ የውል ፎልደሩን ያንብብ፤ የሠራተኞች ማኅደር፣ የደመወዝ ዝርዝርና ከጠበቃ ጋር የተደረገ መጻጻፍ ይከለከል፡፡ ማን፣ መቼ፣ ምን ቃል እንደፈለገና ምን እንደወጣ የሚመዘገብበት ዝርዝር ይኑር፤ የጋሼ ካርድ መሆኑ ነው፡፡ የድሮዎቹ ሰነዶች እስኪለወጡ ድረስ ያላያቸው ፎልደሮች የትኞቹ እንደሆኑ በእያንዳንዱ መልስ ሥር ይጥቀስ፡፡ አንድ ገጽ ተኩል ሆነና ወዳጄ ፈረመበት፡፡ «ልዩ ልዩ» በሚል ስም የተከፈተ አንድ ትልቅ ፎልደር ላይ ስንደርስ ግን ተጣላን፡፡ እሱ ይታይ አለ፣ እኔ አይታይ አልኩ፡፡ ማመልከቻዋ የተገኘችው እዚያ ነበርና እኔ ረታሁ፡፡

ቀጥሎ ሠራተኛዋ ትነገር ወይስ አትነገር የሚለው መጣ፡፡ ሒሳብ ሹሙ «ነገር ማብዛት ነው» አለ፡፡ እኔ ግን ይህ የእሷ መረጃ ነው፣ አዋጁም ለባለ መረጃው መብት ሰጥቷል፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ጠብቋል ብዬ ሞገትኩ፡፡ በማግሥቱ ወዳጄ ራሱ ጠርቶ ነገራት፤ ይቅርታም ጠየቃት፡፡ እኔም ነበርኩ፡፡ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ማን ማን አነበበው?» ብላ ብቻ ጠየቀች፡፡

ወዳጄ የሦስታችንን ስም ቆጠረላት፡፡ «ሌላስ?» አለች፡፡ ባለሙያውን አስጠራነው፡፡ ማሽኑ ከተገጠመ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ሰባት ሰው ተጠቅሞበታል፤ ማን ምን እንደፈለገ የተመዘገበ ነገር ግን የለም፡፡